የባቡርን ሰዓት ስለ ማስከበር





ባቡር ዘገየ በተባለ ቁጥር ብዙ ሰው ነጂውን ይወቅሳል፤ ወይም ፍጥነቱ ይጨመር ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፥ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር እንመልከት። ሐዲዱ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት ተጨማሪ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው። እንግዲህ ከድሬዳዋ የተነሣው ባቡር ግመል ሐዲዱ ላይ ገብቶበት 20 ደቂቃ ቢቆም፥ ከአዳማ የመጣው ምንም ሳያጠፋ በመተላለፊያው ጣቢያ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ የእርሱም መዘግየት ለሦስተኛው ይተርፋል። የአንዱ እክል የሁሉ ዕዳ ይሆናል ማለት ነው።

የስዊስ ሰዎች በ1982 (እ.ኤ.አ.) ባቡሮቻቸው በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እንዲነሡ ሥርዓት አበጁ። ከዚያም ወዲህ የያዙት ደንብ የተቻለውን ያህል ሳይሆን የሚያስፈልገውን ያህል መፍጠን ነው። በሰዓት ሠንጠረዡ ውስጥ ጥቂት ትርፍ ደቂቃ ስለሚተዉ፥ ትንሹ እክል በዚያው ተካክሶ ይቀራል። በጀርመን አገር ግን፥ ባቡር 6 ደቂቃ ካልሞላው ዘገየ ባይባልም፥ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓታቸው የደረሱት ከመቶ 62.5 ብቻ ነበሩ፤ ሐዲዱ አርጅቷል፥ ተጨናንቋልም። ስለዚህ ሀብት ብቻውን ሰዓትን አያስከብርም።

በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ባቡሮች በሚተላለፉባቸው ጣቢያዎች ሠንጠረዡ በቂ ትርፍ ደቂቃ ይኑረው። ሁለተኛ፥ ሐዲዱ በአርብቶ አደር አገር ስለሚያልፍ፥ ከብት በሚበዛበት ስፍራ መሻገሪያውና አጥሩ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር በምክር ይሠራ፤ ለአርብቶ አደሩ ግመሉ ሀብቱ ነውና። ሦስተኛና ዋነኛው፥ እያንዳንዱ መዘግየት ስንት ደቂቃ እንደ ሆነና ከምን እንደ መጣ ተጽፎ በየወሩ በጣቢያው ይለጠፍ። በየመሥሪያ ቤታችን የሰዓት ፊርማ መዝገብ ማን እንደ ዘገየ ይነግረናል፤ ለምን እንደ ዘገየ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነግረንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ይህ የባቡር ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። በጅቡቲ ወደብ የሚገባው ማዳበሪያ የዘር ወራት ካለፈ በኋላ ቢደርስ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል? ለሐኪም ቤት ቀጠሮ የተነሣው በሽተኛስ ቀኑ ካለፈበት ማን ይመልስለታል? ብዕርና ማኅተም በእጃችሁ ያለ ወገኖቼ ሆይ፥ ደቂቃን መቁጠር ሰውን ማክበር መሆኑን እንድታስቡበት አደራ እላለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር