የገና ስጦታ በአቅማችን

የገና ገበያ በዋዜማው ይወደዳልና ታኅሣሥ እንደገባ ውጡ። አስቀድማችሁ ግን የወጪውን ልክ ተስማሙ። ስጦታው ይደበቅ እንጂ ለስጦታው የተወሰደ ብድር ከትዳር ጓደኛ አይደበቅ፤ ከበዓሉ በኋላ የቤት ኪራይ አለ።

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ለሚወድ፣ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ የይልማ ሀብተየስን ሥራዎች ጠይቁ። የመጨረሻ ገጾቹ መኖራቸውን እዩ፤ ገዳዩ ሳይታወቅ ያለቀ መጽሐፍ ያናድዳል!

ሞባይል ሲሆን ርካሽነቱ ብቻ አያጓጓችሁ። *#06# ስትመቱ የሚወጣውን ባለ15 አሃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ቻርጀሩን እዚያው ሞክሩ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ሻጩ ደረሰኝ አልሰጥም ካለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ አመስግናችሁ ውጡ።