ጭነትህ ስንት ሜትር ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ከማዘወትራት ሻይ ቤት ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ዕድሜው 19 ነው፤ ሥራው የአይሱዙ ረዳትነት። «ጋሼ፣ ጋዜጣ ላይ ምክር የሚጽፉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ነኝ አልኩት። (ገና ሠላሳ ሳልሞላ «ጋሼ» መባሉ ትንሽ ቆንጠጥ አድርጎኛል፤ እሱን እንተወው።) እኔማ ፍቅረኛው ከድታዋለች፣ ወይም ቤተሰቦቿ «ልጃችንን ለረዳት አንድርም» ብለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። የዚህ ገጽ እንጀራ ይኸው አይደል! ልጁ ግን ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝና አንገቱን ደፋ። በአፉ ለመናገር አፍሯል።

የጻፈው እንዲህ ይላል፤ ፊደሉን አስተካክያለሁ እንጂ ነገሩ የራሱ ነው።

«ሾፌሬ ክፉ ሰው አይደለም። ያበላኛል፣ ያጠጣኛል፣ መንጃ ፈቃድም አስወጣልሃለሁ ብሎኛል። ግን ጭድ ወይም ፍራሽ ስንጭን እላይ አናቱ ላይ ያስቀምጠኛል። ከተማ ስንገባ የረገበ ሽቦ በዱላ እያነሳሁ አሳልፋለሁ። ትራፊክ ካየ ጋቢናውን ከውስጥ መታ መታ ያደርግልኛል፣ እተኛለሁ። ባለፈው ሌሊት አዲስ አበባ ስንገባ አንድ ድልድይ ሥር አለፍን። በደረቴ ተኝቼ ነበር፤ ኮንክሪቱ ጃኬቴን ከጀርባዬ ላይ ቀደደው። ለእናቴ አልነገርኳትም። እምቢ ካልኩ ደግሞ ሌላ ረዳት ይይዛል፣ ተራ የሚጠብቅ ሞልቷል። ምን ላድርግ?»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሻይ አዘዝኩለትና «ለመሆኑ ያን ሌሊት ጭነታችሁ ስንት ነበር?» ስል ጠየቅሁት።

«በኩንታል ነው?»

«በቁመት! ከመሬት እስከ አናቱ።»

«እሱንማ ማን ለክቶት ያውቃል፣ ጋሼ!»

ወገኖቼ፣ ጉዱ ያለው እዚች ላይ ነው። ሾፌር የጭነቱን ክብደት በኩንታል፣ ነዳጁን በሊትር፣ መንገዱን በኪሎ ሜትር ቁጭ አድርጎ ይነግራችኋል። ቁመቱን ስትጠይቁት ግን መልሱ አንድ ቃል ነው፤ «ያልፋል!»

እኔም ብሆን ፈራጅ ሆኜ የምቀመጥበት ወንበር የለኝም። በ17 ዓመቴ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆኜ የሩዝ ጭድ በጫነ አይሱዙ አናት ላይ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ወጥቻለሁ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። የፎገራን ሜዳ ከላይ ሆኖ ማየት እንዴት ደስ ይል ነበር መሰላችሁ! ንጉሥ የሆንን መስሎን ነበር። ዓለም በርን ልናልፍ ስንል ጓደኛዬ ጀርባውን ወደ ፊት ሰጥቶ ይቀልዳል። ከኋላው የረገበ ሽቦ ሲመጣ አየሁ። «ጎንበስ!» ብዬ ጮህኩ። ግማሽ ጎንበስ አለ። ሽቦው ኮፍያውን ይዞ ቀረ፤ የጆሮውንም ጫፍ አብሮ ላጠው። የስልክ ሽቦ ነበር። የመብራት ቢሆን ኖሮ ይህን ገጽ ዛሬ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። ጓደኛዬ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ጆሮውን የሚያይ ሰው ሁሉ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለው «ውሻ ነክሶኝ» ይላል። እውነቱን መናገር ያሳፍራላ!

ስለ ሽቦ ካነሳን አይቀር፣ በዱላ ማንሳት የሚባለውን ነገር እርሱት። በየከተማችን መንገድ ዳር ከሚያልፉት መስመሮች ውስጥ 15 ሺህና 33 ሺህ ቮልት የተሸከሙ አሉ። ለእንዲህ ያለው ኃይል ዱላ መከላከያ አይደለም፤ ያውም ዝናብ ያራሰው ከሆነ። ደግሞ የግድ መንካት አያስፈልግም፣ በጣም ከቀረባችሁት ዘሎ ይይዛል። መኪናው ሽቦ ከነካ ጋቢና ውስጥ ያለ ሰው እዚያው ይቀመጥ፤ ከውጭ ያለውም አይጠጋ። እሳት ተነስቶ መውጣት ግድ ከሆነ፣ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነኩ ሁለት እግርን ገጥሞ መዝለል፣ እግርን ሳያራርቁም እየዘለሉ መራቅ ነው። እላይ ጭነቱ ላይ ላለው ልጅ ግን የምነግረው ዘዴ የለኝም። እዚያ አለመገኘት ብቻ ነው።

ወደ ድልድዩ እንመለስ። የልጁን ነገር ይዤ እዚሁ ደብረ ታቦር ወዳሉ አንድ የጡረታ ሾፌር ዘንድ ሄድኩ። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩትን የወረታ-ወልዲያን መንገድ ከልጅነት እስከ ሽበት የተመላለሱበት ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው የእኛ አገር ሾፌር ቁመት የማይለካው?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እኛ መቼ ወደ ላይ አይተን እናውቅና!» አሉኝ። «ጉናን ተሻግረህ ጋይንትን ስታልፍ ዓይንህ ያለው ገደሉ ላይ ነው። ፍሬኔ ያዘ? ጎማዬ ጠርዙን ረገጠ? በእኛ መንገድ ድልድይ ከጎማህ በታች ነው ያለው እንጂ ከራስህ በላይ ምን አለና! ከፍ ያለ ጭነት የምንፈራው ነፋስ መውጫ ላይ ብቻ ነበር፣ ስሙ ራሱ ይነግርሃል። ጭድና ፍራሽ ቀላል ነው ብለህ ትቆልለዋለህ፤ ነፋሱ ከጎን ሲያገኘው ግን እንደ ሸራ ነው የሚገፋው።»

ይህ አነጋገራቸው ዓይኔን ከፈተልኝ። የደጋው ሾፌር ወደ ታች ማየት ነው የተማረው። አዲስ አበባ ግን በ1990ዎቹ ቀለበት መንገዱን ከነማሳለጫውና ከነእግረኛ መሸጋገሪያው ሠራች፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም ደግሞ ባቡሩ በመስቀል አደባባይና በለገሀር በኩል ከአናታችን በላይ መሄድ ጀመረ። ከ2007 ዓ.ም ወዲህ በአዳማው ፈጣን መንገድ የሚነዳም በድልድይ ሥር ነው የሚያልፈው። የጭነት መኪና ብዙ ጊዜ ከተማ የሚገባው በሌሊት ነው፤ ሾፌሩ ደክሞታል፣ ጭነቱን የሸፈነው ሸራ ተነፋፍቷል፣ ምልክት ቢኖርም ማን ያነበዋል? ብታነበውስ? የራስህን ቁመት ካላወቅህ «4.5 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ምን ይነግርሃል?

የእኛዋ ደብረ ታቦር እኮ በከባድ ጭነት ታሪክ የምትታማ ከተማ አይደለችም። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም መቅደላ ያደረሱት ወራት ፈጅተው፣ ገደሉን እያስቆፈሩ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ነው። ለጭነቱ ሲሉ መንገዱን ሠሩለት። ዛሬ ለፍራሽህ ብሎ ድልድይ ከፍ የሚያደርግልህ ንጉሥ የለም፣ ጋሼ ሾፌር!

በነገራችን ላይ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ደርሃም በምትባል ከተማ አንድ የባቡር ድልድይ ነበር፤ ከፍታው 3.56 ሜትር ብቻ። የስንቱን መኪና ጣሪያ እንደ ሰርዲን ጣሳ ስለላጠ «ጣሳ መክፈቻው» ይሉታል። ምልክት ለጠፉ፣ መብራት አብለጨለጩ፣ ምን ቢያደርጉ ሾፌሩ መግባቱን አልተወም። በ2012 ዓ.ም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረጉት። ከዚያ በኋላም የገጨው አለ!

የሚያስደነግጠው ግን የዋሽንግተን ግዛቱ ነው። በግንቦት 2005 ዓ.ም ከፍ ያለ ጭነት የያዘ ተሳቢ በስካጂት ወንዝ ድልድይ ሲያልፍ ከላይ ያለውን ብረት መታ፤ የድልድዩ አንድ ክፍል እንዳለ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ሁለት መኪኖች አብረው ገቡ፣ ሦስት ሰዎች ከውኃው ተርፈው ወጡ። መኪናው እኮ ፈቃድ ነበረው! ረጅም ዘንግ የተተከለባት መሪ መኪናም ከፊቱ ትሄድ ነበር፤ ሾፌሯ ግን ስልክ እያወራች ነበር። ያ ድልድይ ከላይ ቅስት ስለሆነ መሀሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ይላል። በውስጠኛው መስመር ቢሄድ ኖሮ ያልፍ ነበር። እንግሊዝ አገርም ኬንት ውስጥ በነሐሴ 2008 ዓ.ም ኤስካቫተር የጫነ መኪና የእግረኛ ድልድይ ገጭቶ ግማሹን አውራ ጎዳናው ላይ ጥሎታል፤ አንድ ሞተረኛ የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ተርፏል። በዚያው አገር ከ3 ሜትር በላይ የሚሆን የጭነት መኪና ቁመቱን ጋቢና ውስጥ ሾፌሩ ፊት መለጠፍ በአብዛኛው የሕግ ግዴታ ነው። እኛስ እናትና አባቱን፣ የሚወዳትን ልጅ ፎቶ፣ ቅዱስ ሥዕሉን ከሚለጥፍበት ጎን አንዲት ቁጥር ብትለጠፍ ምን ይጎዳል?

አለካኩ ደግሞ ሞኝ የማይስተው ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ ታቆመዋለህ። ጭነቱ ታስሮ፣ ሸራው ለብሶ ካለቀ በኋላ ከሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት አግድም ታስተኛለህ፤ ጫፉ ወደ ጎን ይውጣ። ከጫፉ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ መሬት እስኪነካ ትለቃለህ። ገመዱን በሜትር ለካው። በቃ! በዚያ ላይ አንድ ስንዝር ጨምርና ያንን ቁጥር ያንተ ቁመት ነው በለው።

ኮንቴይነር የሚጭን ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል። ተራው ኮንቴይነር 2.59 ሜትር፣ ረጅሙ 2.90 ሜትር ነው። ቆመህ ስታያቸው ልዩነታቸው አይታይህም። የተሳቢህ ወለል ከመሬት 1.5 ሜትር ከሆነ አንዱ 4.09፣ ሌላው 4.40 ይሆናል። ያቺ 31 ሴንቲ ሜትር ናት የምታስለቅስ። «ትናንት እኮ አልፌያለሁ» አይሠራም። ትናንት ከባድ ጭነት ባሌስትራውን አስጎንብሶት ነበር፤ ዛሬ ባዶውን ስትመለስ መኪናው ከፍ ብሏል። ወይም በድልድዩ ሥር አዲስ አስፋልት በአሮጌው ላይ ደርበውበታል። መንገዱ ድልድዩ ሥር ጎድጎድ ካለም የረጅም ተሳቢ የፊትና የኋላ ጎማ ዳርና ዳር ላይ ሲቆም ወገቡ ከፍ ይላል። የገልባጭ ሾፌር ደግሞ አሸዋውን ደፍቶ ሳጥኑን ሳያወርድ እንዳይነሳ... ይህቺን አልዘረዝራትም፣ ሥራቸውን ያውቃሉ።

ከተሰነቀርክስ? ቁም። ነዳጅ ሰጥተህ ልውጣ አትበል፤ ጭነቱንም ድልድዩንም ትገነጥላለህ። የአደጋ መብራትህን አብራ፣ ትራፊክ ጥራ፣ ከሥሩ ሰው አርቅ። ከጎማ አየር በመጠኑ ማስተንፈስ መኪናውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ የሚያስወጣበት ጊዜ አለ፤ እሱም በተረጋጋ ሰው እጅ። ገጭተህ ካለፍክ ደግሞ አትሰወር። ከላይ ባቡር ይሄድበት ይሆናል፤ ድልድዩ መጎዳቱን የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ።

እናንተ ሾፌር ያልሆናችሁ አንባቢዎቼም «እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡ። ቤት ስትቀይሩ፣ የሙሽራ ዕቃ ስታስጭኑ፣ የሁለተኛ ዙር ላለመክፈል «ቁም ሣጥኑንም እላዩ ላይ ጣለው!» የሚለው ማን ነው? «እንዳይወድቅ ያዝልን» ብሎ ልጁን እላይ የሚሰቅለውስ? ሾፌር የምታፈቅሪው እህቴም፣ ማታ ስትደውዪለት «በላህ?» ካልሽው በኋላ «ጭነትህ ስንት ሜትር ነው?» በዪው። መጀመሪያ ይስቅብሻል።

ለልጁ የነገርኩት ይህንን ነው። «ወንድሜ፣ እምቢ አትበለው። እምቢ ያለ ረዳት ይባረራል፣ ልክ ነህ። ጭነት ሲያልቅ ለካና ቁጥሩን ንገረው። 'ጋሼ፣ 4 ሜትር ከ60 ሆነናል፣ አንድ ረድፍ እናውርድ' በለው። እላይ የምትቀመጥበት ምክንያት ጭነቱ ስለበዛ ነው፤ ረድፉ ከወረደ አንተም ትወርዳለህ። ድልድይ ጋ ስትደርሱ ደግሞ 'ቁም፣ ወርጄ ከመሬት ልይ' በል። ጥሩ ሰው ነው ብለሃል፤ ጥሩ ሰው ቁጥር ይሰማል።»

«ባይሰማስ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ዝም አልኩ። ከዚያ «የዚያን ቀን ውረድና ሌላ መኪና ፈልግ» አልኩት። «መንጃ ፈቃዱን ያስወጣልኛል እኮ...» አለ። «ለሞተ ሰው መንጃ ፈቃድ አያወጡም» አልኩት። ክፉ አነጋገር ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ወጣኝ።

ሻዩን ጨርሶ ተነሳ። የአናጢነት ሥራ ይሠራ ከነበረው አጎቴ የወረስኩት አሮጌ ባለ 5 ሜትር ሜትር አለኝ፤ ከቤት አምጥቼ ሰጠሁት። ሐሙስ ድንች ጭነው ወደ ባሕር ዳር እንደሚወርዱ፣ ሲመለሱ ፍራሽ እንደሚያመጡ ነግሮኛል። ሜትሩን ካስረከብኩት አምስት ቀኔ ነው። ያቺን ሻይ ቤት ጠዋትም ማታም አልለየኋትም፤ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር መጀመሪያ የማየው አናቱን ሆኗል።