የማይል ትኬት እና የትኬት ዓይነት ምርጫ

የማይል ትኬት (የሽልማት ትኬትም ይባላል) አንድ መንገደኛ በገንዘብ ፋንታ ከአየር መንገድ የደንበኝነት ፕሮግራም ባጠራቀመው ማይል ወይም ነጥብ የሚያገኘው የአውሮፕላን ትኬት ነው። በኢትዮጵያ በሰፊው የሚታወቀው ፕሮግራም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባማይልስ ነው። ብዙ ሰው የማይል ትኬትን «ነፃ ትኬት» ብሎ ይጠራዋል፤ ነገር ግን ታክስና ሌሎች ክፍያዎች ብዙውን ጊዜ በገንዘብ ስለሚከፈሉ ስያሜው ትክክል አይደለም። በተጨማሪም የማይል ትኬት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በአንድ ቀን፣ በአንድ አውሮፕላን፣ ጎን ለጎን ላሉ ሁለት ወንበሮች የሚጠየቀው ማይል ሊለያይ ይችላል፤ ልዩነቱም ወንበሩ ላይ ሳይሆን ከትኬቱ ጋር በሚመጣው መብትና ግዴታ ላይ ነው።

አመጣጥ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር መንገዶችን ዋጋና መስመር መንግሥት የሚወስንበትን አሠራር በሕግ ካስቀረች በኋላ አየር መንገዶች በደንበኛ መሻማት ጀመሩ። ቴክሳስ ኢንተርናሽናል የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1979 በተበረረ ርቀት ላይ የተመሠረተ ፕሮግራም አወጣ። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር ዩናይትድም በቀናት ልዩነት ተከተለው። አሜሪካን ኤርላይንስ ታማኝ ደንበኞቹን ለመለየት የተጠቀመው ሴበር የተባለውን የኮምፒውተር ቦታ መያዣ ሥርዓቱን ነበር፤ በመዝገቡ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ የስልክ ቁጥር ያለው ሰው ደጋግሞ የሚበር ሰው ነው ተብሎ ተገመተ። ዛሬ ቀላል የሚመስለው ይህ የመረጃ ፍለጋ በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር።

ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1997 ሲመሠረት በአንዱ አባል የተጠራቀመ ማይል በሌላው አባል በረራ ላይ ሊውል ቻለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥምረቱን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ሲሆን፣ ከደቡብ አፍሪካ አየር መንገድና ከግብፅ አየር ቀጥሎ ሦስተኛው የአፍሪካ አባል ነው። በዚህ ምክንያት ቶሮንቶ የሚኖር ሰው በኤር ካናዳው ኤሮፕላን፣ ዋሽንግተን የሚኖር ደግሞ በዩናይትዱ ማይሌጅፕላስ ያጠራቀመውን ነጥብ ተጠቅሞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ወደ አገር ቤት ሊገባ ይችላል።

አንድ አውሮፕላን፣ ብዙ ዋጋ

መንገደኛው የሚያየው ኢኮኖሚና ቢዝነስ ክፍል ነው (የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነሱን ክላውድ ናይን ይለዋል)። ኮምፒውተሩ የሚያየው ግን እያንዳንዱ ክፍል በፊደል የተሰየሙ ብዙ መደቦች ተከፋፍሎ ነው። ሙሉ ዋጋ የሚከፈልበት የኢኮኖሚ መደብ በተለምዶ «ዋይ» በሚለው የላቲን ፊደል ይታወቃል፤ ቅናሽ ያላቸው መደቦች ሌሎች ፊደላትን ይይዛሉ። ለማይል ትኬትም የተለዩ ፊደላት አሉ፤ በስታር አሊያንስ አባላት ዘንድ ለኢኮኖሚ «ኤክስ»፣ ለቢዝነስ «አይ» የተለመዱ ናቸው። አውሮፕላኑ ባዶ ወንበር እያለው «በማይል ቦታ የለም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ያለቀው ወንበሩ ሳይሆን ለዚያ መደብ የተመደበው ቁጥር ነው።

ይህን ቁጥር የሚወስነው ስሌት መሠረቱ ቀላል ነው። በብሪታንያ የቦአክ አየር መንገድ ባልደረባ የነበረው ኬን ሊትልውድ እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረበው ደንብ መሠረት፣ አንድ ወንበር አሁን በርካሽ የሚሸጠው፣ ርካሹ ዋጋ ወንበሩን ለኋላ ከማቆየት ከሚጠበቀው ገቢ የሚበልጥ እንደሆነ ነው። ለምሳሌ ሙሉ ዋጋው 100 ዶላር ቢሆንና ሙሉውን የሚከፍል ሰው የመምጣት ዕድሉ 40 ከመቶ ቢሆን፣ ወንበሩን ማቆየት 40 ዶላር ያህል ያወጣል፤ ስለዚህ 50 ዶላር የሚከፍል ሰው ዛሬ ቢመጣ ይሸጥለታል፣ 30 የሚከፍል ከሆነ ግን አይሸጥለትም። የማይል ወንበሮችም የሚከፈቱትና የሚዘጉት በተመሳሳይ አስተሳሰብ ነው። ጥምቀትና ገና ሲቃረቡ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚሄዱ በረራዎች በገንዘብ እንደሚሞሉ ስለሚታወቅ በዝቅተኛ ማይል ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ይቀላል።

የማይል ትኬት ዓይነቶች

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ቢያንስ ሁለት ዓይነት ያቀርባሉ። የመጀመሪያው ጥቂት ማይል የሚጠይቅ፣ ወንበሩ ውስን የሆነና ለመለወጥ ወይም ለመሰረዝ ቅጣት የሚያስከፍል ነው። ሁለተኛው ብዙ ማይል ይጠይቃል፤ በምትኩ ቦታው በቀላሉ ይገኛል፣ ለውጡም ይቀላል። የሲንጋፖር አየር መንገድ እነዚህን «ሴቨር» እና «አድቫንቴጅ»፣ ኤምሬትስ ደግሞ «ሴቨር» እና «ፍሌክስ ፕላስ» ይላቸዋል። ኤር ካናዳም በራሱ በረራዎች ላይ ኢኮኖሚውን በተለያዩ ዓይነቶች ይከፍለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እነዚህ ምርጫዎች በአብዛኛው የሚሠሩት የፕሮግራሙ ባለቤት በሆነው አየር መንገድ በረራ ላይ ነው። አንድ ሰው የኤሮፕላን ነጥቡን ለኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ሲያውል ከእነዚህ ዓይነቶች አይመርጥም፤ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአጋሮች የከፈተው መደብ ካለ ያገኛል፣ ከሌለ አያገኝም። የስረዛው ደንብ የሚመራው ትኬቱን በቆረጠው ፕሮግራም ነው። የሻንጣና የመሳፈሪያ ሥርዓቱ ግን ከሚያበረው አየር መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ችግር ሲፈጠር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ትኬቱን የቆረጠው ማን ነው?» የሚለው ነው።

ሌላው ልዩነት ተጨማሪ ክፍያ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች አየር መንገዱ «የነዳጅ» እያለ የሚጨምረውን ክፍያ በማይል ትኬት ላይም ያስከፍላሉ። ኤሮፕላን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በአዲስ መልክ ሲጀምር ይህን ክፍያ አስቀርቷል፤ የአውሮፕላን ማረፊያና የመንግሥት ታክስ ግን ይቀራል።

ባሕር ዳር እንደ መድረሻ

ባሕር ዳር የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ የቀድሞ ስሙ ግንቦት 20 ነበር። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በአየር ግን ቀጥታው 330 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 207 ማይል ገደማ ነው። ከተማዋ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለምትጻፍ የውጭ ድረ ገጾች ላይ ስሟን ከመጻፍ «ቢ ጄ አር» የሚለውን የማረፊያውን መለያ ማስገባት ይቀላል።

ከውጭ ወደ ጣና ዳር የሚመጣ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ እስከ አዲስ አበባ በማይል ቆርጦ የባሕር ዳሩን ለብቻው መግዛት፣ ወይም እስከ ባሕር ዳር ያለውን በሙሉ በአንድ የማይል ትኬት መያዝ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የባሕር ዳሩ ክፍል ማይል ይጨምራል ከሚል ግምት ነው። ግምቱ ግን ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ኤሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ሠንጠረዥ ከሰሜን አሜሪካ ወደ አፍሪካ የሚደረግን ጉዞ በርቀት ይመድባል፤ ከ6,001 እስከ 8,000 ማይል ያለው በአንድ መደብ ውስጥ ነው። ከቶሮንቶ አዲስ አበባ ቀጥታው 7,150 ማይል ያህል ነው። ባሕር ዳር ሲጨመር 7,360 ገደማ ይሆናል። መደቡ አልተለወጠም፣ የሚጠየቀው ነጥብም በዚያው መደብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ24 ሰዓት በታች መቆየት እንደ ትራንዚት ይቆጠራል፤ ዘመድ ለመጠየቅ ጥቂት ቀን መቆየት የፈለገ ግን በዚሁ ፕሮግራም 5,000 ነጥብ ጨምሮ ማረፊያ ሊያደርጋት ይችላል።

በአንድ ትኬት የመያዝ ጥቅሙ በነጥብ ብቻ አይለካም። ከባሕር ማዶ የመጣው በረራ ዘግይቶ የባሕር ዳሩ ቢያመልጥ፣ ትኬቱ አንድ ከሆነ መንገደኛውን በሚቀጥለው በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። ትኬቱ ሁለት ከሆነ ግን መንገደኛው ለሁለተኛው በረራ «ሳይቀርብ የቀረ» ተብሎ ሊመዘገብና ትኬቱ ሊቃጠልበት ይችላል። ሻንጣም አለ። ከአሜሪካ የሚመጣ የኢኮኖሚ መንገደኛ በተለምዶ ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ ለብቻው በተገዛ የአገር ውስጥ ትኬት የሚፈቀደው ከዚያ ያነሰ ነው። ለቤተሰብ ጫማና ልብስ ጭኖ ለሚመጣ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የሁለት ትኬት መንገድ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ በራሱ በረራ ለገቡ መንገደኞች የአገር ውስጥ ትኬት በቅናሽ የመሸጥ አሠራር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። አዲስ አበባ የሚቆይበትን ቀን ገና ያልወሰነ ሰው በዚህ ሊጠቀም ይችላል። ለባሕር ዳር በማይል ቦታ ከጠፋ ደግሞ ከጣና በስተ ሰሜን ያለውን የጎንደሩን አጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ መሞከር ይቻላል፤ ሁለቱ ከተሞች በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፣ የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቢዝነስ የተቆረጠ ረጅም ጉዞም የአገር ውስጡ ክፍል በኢኮኖሚ ሊያዝ ስለሚችል የእያንዳንዱን በረራ መደብ ከመክፈል በፊት ማየት ይገባል።

ቪዛ፣ ለውጥና ስረዛ

ውድ የሆነውን ዓይነት መምረጥ ከሚያስፈልግባቸው ጊዜያት ዋነኛው ቪዛ ገና ያልተያዘበት ጉዞ ነው። ቶሮንቶ ያለች ልጅ ባሕር ዳር ያሉትን እናቷን በነጥቧ ለማስመጣት ብታስብ፣ የቪዛው መልስ መቼ እንደሚመጣና ምን እንደሚሆን አታውቅም። በዝቅተኛ ማይል የቆረጠችው ትኬት ቀኑን ሁለት ጊዜ ቢያስለውጣት የቅጣቱ ድምር በማይል ያዳነችውን ሊበላው ይችላል። ቪዛው በእጅ ላለ ሰው ግን ርካሹ ይበቃል። ሆኖም የማይል ትኬት ከርካሽ የገንዘብ ትኬት የሚሻልበት ነገር እዚህ ላይ አለ፤ ብዙ ርካሽ የገንዘብ ትኬቶች ሲሰረዙ ገንዘቡን አይመልሱም፣ ብዙ ፕሮግራሞች ግን ቅጣት ተቀብለው ማይሉን ወደ ሂሳብ ይመልሳሉ። ይህ የሚሆነው ስረዛው ከበረራው በፊት ከተደረገ ብቻ ነው። ተመላሹ ማይል የቀድሞ የአገልግሎት ዘመኑን ይዞ ሊመለስ ስለሚችልም፣ ሊያልፍበት የተቃረበ ማይል ባለው ሰው ላይ ስረዛ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

በረራውን የሰረዘው አየር መንገዱ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 መጀመሪያ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ የሚደረጉ በረራዎች ተቋርጠው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የትኬቱ ዓይነት ርካሽም ይሁን ውድ፣ ቀን ማስለወጥ ወይም ማስመለስ የተለመደ መብት ነው። ለወደፊቱ መቋረጥ ተፈርቶ ብቻ ውዱን ዓይነት መግዛት ስለዚህ ብዙም አያስኬድም፤ ውዱ ዓይነት የሚጠቅመው ሐሳቡን የሚለውጠው ራሱ መንገደኛው ሲሆን ነው።

ማይሉ ምን ያህል ያወጣል

የተለመደው ስሌት የትኬቱን የገንዘብ ዋጋ ወስዶ፣ በማይል ትኬቱ ላይ በገንዘብ የሚከፈለውን ታክስ ቀንሶ፣ ቀሪውን ለሚጠየቀው ማይል ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል የገንዘብ ዋጋው 1,200 ዶላር፣ ታክሱ 200 ዶላር፣ ማይሉ 50,000 ቢሆን አንዱ ማይል 2 ሳንቲም አወጣ ማለት ነው። የማይል ትኬት በተለምዶ ማይል ስለማያስገኝ፣ በገንዘብ ቢገዛ ይገኝ የነበረው (5,000 እንበል) በማካፈያው ላይ ሲደመር ዋጋው ወደ 1.8 ሳንቲም ይወርዳል። ርካሽ የገንዘብ መደቦች ከተበረረው ርቀት ከፊሉን ብቻ ስለሚያስመዘግቡ ይህ ቁጥር ሰው ከሚጠብቀው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ውዱ ዓይነት 80,000 ማይል ቢጠይቅ ከርካሹ 1,200 ዶላር ጋር ማወዳደር 1.25 ሳንቲም ብቻ ስለሚያሳይ አክሳሪ ያስመስለዋል። ተመሳሳይ የመለወጥ መብት ያለው የገንዘብ ትኬት 1,800 ዶላር ከሆነ ግን ውጤቱ ተመልሶ 2 ሳንቲም ይሆናል። ማወዳደር ያለበት እንደ እንዱ ከእንዱ፣ ርካሹ ከርካሹ፣ የሚለወጠው ከሚለወጠው ጋር ነው።

በብር ለሚከፍል ሰው ስሌቱ ሌላ ገጽታ አለው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር ላይ የተመሠረተ ዋጋ በብር ሲታይ በእጅጉ ጨመረ፤ የሽልማት ሠንጠረዥ ግን በማይል የተጻፈ ስለሆነ በምንዛሪ ምክንያት ብቻ አይንቀሳቀስም። የሚያሰጋው ፕሮግራሙ ሠንጠረዡን ራሱ መቀየሩ ነው።

ስለ ሰዓትና ቀን

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠር ነው። 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 19:00 ማለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። 00:30 ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ትኬቱ ላይ ያለው ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ የገባው ነው፤ መንገደኛው ከቤቱ የሚወጣው በዋዜማው ምሽት ነው ማለት ነው። ርካሽ የማይል ትኬት ላይ ሳይቀርቡ መቅረት ማይሉንም ታክሱንም ሊያስቀር ስለሚችል፣ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለቤተሰብ የሚናገር ሰው ሁለቱንም አቆጣጠር አብሮ ቢጽፍ ይሻላል።