ከሃምሳ በኋላ ረጅም ሩጫ፦ የዓመቱ ዕቅድ ከዕረፍት ይጀምራል

በኦገስት 2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ እስራኤልን ወክሎ ማራቶን የሮጠው ኃይሌ ሳታይን 20ኛ ሆኖ ሲገባ፣ በመዝገብ በሰፈረው ልደቱ መሠረት የ49 ዓመት ሰው ነበር። ከእርሱ በፊት ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ ያገኘው በ36 ዓመቱ ሲሆን፣ በ1972 ሙኒክ ላይ ነሐስ ሲጨምር 40 ሞልቶት ነበር። ቀነኒሳ በቀለም በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ ሁለተኛ ወጥቷል፤ የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ነው።

እነዚህ ሥራቸው ሩጫ የሆነ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ዕድሜ ብቻውን ሰውን ከሩጫ እንደማያስቀር ያሳያሉ። ዕድሜ የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው፤ ጡንቻና ጅማት ከድካም የሚያገግሙበት ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ በጎልማሳነት የሚወጣ የውድድር ዕቅድ የሚሮጥበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የሚታረፍበትንም ቀን አስቀድሞ መያዝ አለበት።

የመጀመሪያው እርምጃ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ከኢትዮጵያ በመጣው ማኅበረሰብ ዘንድ ስኳርና ደም ግፊት ከዓሊያ በኋላ በጣም ጨምረዋል። ሁለቱም ምንም ሳይሰማ በሰውነት ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። በኩፓት ሆሊም ያለው የቤተሰብ ሐኪም የደም ምርመራ፣ የግፊት ልኬትና የልብ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ለመሮጥ ማሰቡን ለሐኪሙ መንገር አለበት። ኢንሱሊንና አንዳንድ የስኳር ክኒኖች በሩጫ ላይ ስኳርን በድንገት ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒትም በሙቀት ጊዜ የሰውነትን ውኃ ያሳጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናውን ውድድር መምረጥ ነው። የቴል አቪቭ ማራቶን ብዙውን ጊዜ በፌብሩዋሪ፣ የኢየሩሳሌሙ በማርች ይካሄዳሉ፤ የጥብርያዶሱም በክረምት ነው። ከሙሉው 42 ኪሎ ሜትር ሌላ ግማሽ ማራቶንና 10 ኪሎ ሜትር የመሳሰሉ አጠር ያሉ ውድድሮችም አሉ። ኢየሩሳሌም አቀበትና ቁልቁለት ይበዛባታል፤ ቴል አቪቭ ሜዳ ናት። ቀኖቹ ስለሚለዋወጡ ከአዘጋጆቹ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ዓመት ለማዳረስ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ጉልበት ሕመም ነው። አንዱን ዋና አድርጎ ሌሎቹን ለልምምድ ወይም ለደስታ መያዝ ይሻላል።

ዋናው ውድድር ከታወቀ በኋላ ወደ ኋላ ይቆጠራል። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ግማሽ ማራቶን ለመሮጥ ወደ 14 ሳምንት የሚጠጋ ዝግጅት ቢያስፈልግ፣ መጀመሪያው የሲግድ በዓል ሰሞን ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሩጫ ይደረጋል፤ ከ8 ኪሎ ሜትር ተነሥቶ በአንድ በአንድ ኪሎ ሜትር እያደገ እስከ 16 ይደርሳል። በየአራተኛው ሳምንት ቀነስ ይደረጋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታትም የማቅለያ ናቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ከዚያ በፊት ያሉት ወራትም ሥራ አላቸው። ጎንደር ያደገ ሰው ሐምሌና ነሐሴን የሚያውቃቸው በዝናብና በብርድ ነው፤ በአሽዶድ ግን ወበቁ የሚጠናባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ ከፋሲካ እስከ ሜይ በእግር ጉዞና በሶምሶማ መሠረት ይጣላል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ፀሐይ ሳትወጣ በባሕሩ ዳርቻ ወይም በላኺሽ ፓርክ አጭር ሩጫ እየሮጡ ያለውን ጉልበት መጠበቅ ይበቃል። ከዳስ በዓል በኋላ 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ለመሞከሪያ ይመቻል። ጾምም በዕቅዱ ውስጥ ይገባል፤ ከዮም ኪፑር ሁለት ቀን በፊትና ሁለት ቀን በኋላ ረጅም ሩጫ አይያዝም። ቲሻ ብአቭ በበጋው መካከል ስለሚውል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሙቀት ቀልድ አይደለም። በማርች 2013 ኃይለኛ ሻራቭ በመተንበዩ የቴል አቪቭ ሙሉ ማራቶን ወደ ሌላ ቀን ተዛወረ፤ ግማሽ ማራቶኑ ግን ተካሄደ። አንድ ወጣት ሯጭ ሞተ፤ ሌሎችም በሙቀት ተመትተው ሆስፒታል ገቡ። እየሮጠ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚዘባረቅ ሰው ከታየ ወዲያው ጥላ ውስጥ ማስገባት፣ ውኃ እያፈሰሱ ማቀዝቀዝና ወደ 101 መደወል ያስፈልጋል። ሻራቭ በተነገረበት ቀን ደግሞ ለምዝገባ የተከፈለው ገንዘብ ቢቀርም ይቅር።

የልብ ምትን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚነገረው መመሪያ ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው። ብዙ ሽማግሌዎችና እናቶች ግን ሲመጡ ልደታቸው በግምት ነው የተመዘገበው። መታወቂያው 55 የሚለው ሰው በእውነቱ 62 ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ምቱን ራሱን ዝቅ ያደርጉታል። ቀላሉ መለኪያ ንግግር ነው፤ ከጓደኛው ጋር እየሮጠ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ያልቻለ ሰው ፍጥነቱን ይቀንስ። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ወዲያው መቆም ነው።

ከውድድሩ በኋላ የሚመጣው ዕረፍትም የዕቅዱ አካል ነው። ከግማሽ ማራቶን በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ከሙሉው በኋላ አራት ሳምንት ያህል ቀለል ብሎ መቆየት በሯጮች ዘንድ የተለመደ ነው። በቴል አቪቭ የሮጠ ሰው ማርች ላይ ኢየሩሳሌም ሲሄድ አጭሩን ርቀት ከልጅ ልጆቹ ጋር በእርምጃ ቢጨርስ ምንም አይጎድልበትም። በሚቀጥለው ዓመትም ለመሮጥ ጉልበቱ የሚተርፈው እንዲህ ላደረገ ሰው ነው።