ታካሚ ልትጠይቁ ስትሄዱ፦ ጥቁሩ ባልዲ ወይስ ቢጫው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሆስፒታል ቆሻሻ ነው። ምሳሌውን ከሚዛንና ከቴፒ አካባቢ ወስጃለሁ፤ ለምን እንደሆነ ታዩታላችሁ።

«አካባቢን የማይጎዳ ሆስፒታል» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሶላር ነው። ሶላር ጥሩ ነው፣ መብራት ሲጠፋ የክትባት ፍሪጁን ያድናል። ግን ከዚያ በጣም የሚረክስ ነገር አለ፦ በየክፍሉ የተቀመጡት ባልዲዎች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከቤታችን ቆሻሻ አይለይም። ወረቀት፣ ካርቶን፣ የምግብ ትራፊ፣ ሃይላንድ። አደገኛው 15 በመቶ ገደማ ነው። ጥቁሩ ባልዲ ለተራው ቆሻሻ፣ ቢጫው ደም ወይም ፈሳሽ ለነካው፣ ሴፍቲ ቦክስ የምንለው ካርቶን ደግሞ ለመርፌና ለስለት ነው። አንድ ደም የነካው ጓንት ጥቁሩ ውስጥ ከገባ ባልዲው በሙሉ እንደ ተላላፊ ይቆጠርና ወደ ማቃጠያ ይሄዳል።

የሚዛንና የቴፒ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሕክምና ቆሻሻ በደንብ የሚቃጠለው ባለ ሁለት ክፍል ማቃጠያ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል 850 ዲግሪ፣ ጭሱ የሚቃጠልበት ሁለተኛው ደግሞ 1,100 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። በጡብ የተሠራ ትንሽ ማቃጠያ እዚያ መድረሱ በደረቅ ቆሻሻም ቀላል አይደለም። በዚያ አገር ደግሞ ዝናቡ ክረምት ጠብቆ መጥቶ የሚሄድ አይደለም (ቡናውም ኮረሪማውም የሚያምርበት ለዚያ ነው)። የረጠበ ቆሻሻ፣ በላዩ የሙዝ ልጣጭና የእንጀራ ትራፊ ሲጨመርበት፣ አይነድም፤ ይጨሳል። ውስጡ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ቱቦ ወይም ከረጢት ካለ ዳይኦክሲን የሚባል ካንሰር አምጪ መርዝ ይወጣል። ሳሩ ላይ ያርፋል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ ከዚያ ወተቱ ውስጥ ይገኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በባዮስፌርነት የመዘገበው የሸካ ደን እዚያው አጠገብ ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ለታካሚ ምግብ ስትወስዱ በፌስታል ሳይሆን በሳህን ወይም በምሳ ዕቃ ይሁን። ትራፊውን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ካልሆነ ጥቁሩ ውስጥ ጣሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግራ ከገባችሁ ነርሷን ጠይቁ፣ አትቆጣም።

ሌላው መርፌ ነው። «ዶክተር፣ ኪኒን ብቻ? መርፌ የለውም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ስንቴ እንደሚመጣ ብታውቁ! ለጉንፋን መርፌ አያስፈልግም። በኪኒን የሚድን ሕመም በመርፌ ሲታከም ስሪንጅ፣ መርፌ፣ ብልቃጥ፣ ጥጥና ጓንት ቆሻሻ ሆነው ይቀራሉ። ኢንሱሊን በቤታችሁ የምትወጉ ደግሞ መርፌውን ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ለምሳሌ ባዶ የበረኪና ዕቃ ውስጥ ከታችሁ ክዳኑን ግጠሙና ወደ ጤና ተቋም መልሱ። ሃይላንድ ስስ ስለሆነ መርፌ ይበሳዋል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትም ወንዝ ወይም ሽንት ቤት አይጣልም፣ ፋርማሲስቱን አማክሩ።

ያለቦታው የተጣለ መርፌ መጀመሪያ የሚያገኘው የጽዳት ሠራተኛዋን ነው። ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ሰው የወጣ መርፌ ያልተከተበን ሰው ቢወጋ፣ የመተላለፍ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ ኤችአይቪ ከሆነ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ። ጤና ተቋም ውስጥ የምትሠሩ፣ ጽዳትም ሆናችሁ ጥበቃ፣ መከተባችሁን አረጋግጡ።

የወደቀ መርፌ ቢወጋችሁስ? ቦታውን አትጭመቁት፣ በረኪናም አታፍስሱበት። በውሃና በሳሙና ታጠቡና ወዲያው ለባለሙያ ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም።