ቡናው ወደ ደጋ ቢወጣ፣ ባለቡናው የት ይቀራል?

በከፋ፣ በሸካና በያዩ ጫካዎች ቡና ማንም ሳይተክለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ከፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። ለአካባቢው ቤተሰብ ግን ጫካው ቅርስ ከመባሉ በፊትም ጓዳ ነበር፤ ቡናው፣ ማሩና ኮረሪማው የዓመት ወጪ ይሸፍናሉ። የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሙቀቱ ቡናውን ያጠፋው እንደሆነ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጫካውን ማቆየት ማንን ይጠቅማል የሚለው ይመስለኛል፤ ጉዳቱ የሚከፋውም የሚለዝበውም በዚሁ መልስ ነውና።

አረቢካ ቡና የሚወደው በአማካይ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር ነው። በደረቁ ወራት እምቡጡን ይዞ ይቆይና የበልጉ ዝናብ ሲጥል በቀናት ውስጥ ነጭ አበባ ይለብሳል። ዝናቡ ያለጊዜው አካፍቶ ከጠፋ ግን አበባው በየተራ ይፈነዳል፤ ከፊሉም ይረግፋል። በኋላ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ የቀላውና ጥሬው ይደባለቃል፤ ለቃሚው ደጋግሞ ይመላለሳል፤ ካልተመላለሰም ጥሬው አብሮ ተለቅሞ ዋጋው ይወርዳል። የዛፍ ጥላ ዝናብ አያመጣለትም፤ የቀኑን ሙቀት ግን ያበርድለታል፣ የአፈሩንም እርጥበት ያቆይለታል። ስለዚህ ዛፉ ሲቆረጥ ገበሬው ሙቀቱን በገዛ ማሳው ላይ ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ለዱር አረቢካ የሚስማሙ ሥፍራዎች እስከ 2080 ቢያንስ በ65 በመቶ ሊቀንሱ እንደሚችሉ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ላይስማማ ይችላል ይላል፤ ሆኖም ቡናው ወደ ከፍታ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ ተስማሚው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችልም ያሳያል። ታዲያ ምን ያሳስባል የሚል አይጠፋም። በጥናቱ ካርታ ላይ የሚዛወረው ግን ቡናው እንጂ ባለቡናው አይደለም። ደጋው ባዶ መሬት አይደለም፤ እንሰትና ገብስ የሚለማበት፣ ባለይዞታ ያለው ነው፤ ካልሆነም ራሱ ደን ነው። አዲስ የተተከለ ችግኝ እንኳ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጫካውን የሚመነጥረው ራሱ ገበሬው አይደለም ወይ? አዎን፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የቡና ዋጋ ሲወድቅ በቆሎና ጫት ያዋጡታል፤ ዋጋው ሲወጣም ምርት ለማብዛት ጥላውን ያሳሳል። ይህ ግን ገበሬውን ከጫካው ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም። ከጥቅሙ የተገለለ ሰው የሚጠብቀው ነገር የለውም፤ ሰፊውን ጫካ በዘበኛ ብቻ ማስጠበቅም አይቻልም። በቦንጋና በጭሊሞ ደኖች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሞከረው አሳታፊ የደን አስተዳደር የተነሣው ከዚሁ ነው፤ ማኅበረሰቡ በውል ይጠብቃል፣ በውል ይጠቀማል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ለማኅበረሰብ ደን እውቅና ሰጥቷል።

እርግጥ ውል ብቻውን ሆድ አይሞላም። በጥላ ሥር የበቀለው ቡና ከተመነጠረ ማሳ ከመጣው እኩል ከተሸጠ፣ ጥላውን ያቆየው ገበሬ የሚከስረው ለሌላው ጥቅም ነው። ጥላው ዋጋ እስካላገኘ ድረስ ሙቀቱ ከመድረሱ በፊት መጥረቢያው ይደርሳል።