ኢፋቪሬንዝ፦ አንድ የመድኃኒት መጠን፣ የተለያየ የደም ክምችት

በመድኃኒት ማዘዣ ላይ የሚጻፈው መጠን በሕመምተኛው ደም ውስጥ የሚገኘውን መጠን በቀጥታ አያመለክትም። ሁለት ሰዎች እኩል ክኒን ውጠው የአንዱ የደም ክምችት ከሚፈለገው በታች፣ የሌላው ደግሞ ከሚገባው በላይ ሊሆን ይችላል። በኤችአይቪ ሕክምና ታሪክ ይህን ልዩነት በጉልህ ካሳዩት መድኃኒቶች አንዱ ኢፋቪሬንዝ ነው። ይህ ጽሑፍ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሐሩር ክልል ፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር የሆኑት እሌኒ አክሊሉ ከኢትዮጵያና ከታንዛኒያ ባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዷቸውን ጥናቶች መሠረት በማድረግ የልዩነቱን መንሥኤና ትርጉም ያብራራል።

ኢፋቪሬንዝ ቫይረሱ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥበትን ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የተባለ ኢንዛይም ያግዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ከተፈቀደ በኋላ ለአዋቂዎች የተለመደው መጠን በቀን 600 ሚሊግራም ነበር። በአንድ ሚሊሊትር ፕላዝማ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ማይክሮግራም መገኘቱ ተገቢ ክምችት ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚህ ሲያንስ ቫይረሱ መድኃኒቱን የመላመድ ዕድል ያገኛል፤ ሲበዛ ደግሞ ማዞር፣ የእንቅልፍ መዛባትና ቅዠት ይበረታሉ።

መድኃኒቱን በጉበት ውስጥ በዋናነት የሚያብላላው ሲዋይፒ2ቢ6 የተባለው ኢንዛይም ነው። በዚህ ኢንዛይም ዘረመል 516ኛ ቦታ ላይ ጓኒን በታይሚን ሲተካ ጉበት የሚያመርተው የኢንዛይም መጠን ይቀንሳል። ይህን ለውጥ ከአባትም ከእናትም የወረሰ ሰው መድኃኒቱን በዝግታ ስለሚያስወግድ በተለመደው መጠን እንኳ ከፍተኛ ክምችት ይታይበታል። ሕክምናው በድንገት ሲቋረጥም ሌሎቹ መድኃኒቶች ቀድመው ከደም ሲወጡ ኢፋቪሬንዝ ብቻውን ይቆያል፤ ይህም ለመድኃኒት መላመድ በር ይከፍታል።

የዚህ ዘረመል ለውጥ ውጤት በነርቭ ምልክቶች ብቻ አይወሰንም። የምርምር ቡድኑ ሕክምና በጀመሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ባደረገው ክትትል ከፍተኛ የኢፋቪሬንዝ ክምችትና ሲዋይፒ2ቢ6*6 የተባለው የዘረመል ዓይነት ከጉበት ጉዳት ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል።

ይበልጥ ትኩረት የሚስበው እ.ኤ.አ. በ2013 በፕሎስ ዋን መጽሔት የታተመው የኢትዮጵያና የታንዛኒያ ሕሙማን ንጽጽር ነው። ሁለቱም ወገኖች የወሰዱት መጠን እኩል ሆኖ ሳለ የታንዛኒያውያኑ የደም ክምችት ከኢትዮጵያውያኑ ልቆ ተገኝቷል። ልዩነቱ የለውጡ ስርጭት በሁለቱ ሕዝቦች ዘንድ እኩል ባለመሆኑ ብቻ የሚብራራ አልነበረም፤ ተመሳሳይ ዘረመል ያላቸው ሰዎች ለየብቻ ሲነጻጸሩም አልጠፋም። ስለዚህ አንድ ዘረመል መመርመር ብቻውን በቂ አይደለም፤ «አፍሪካዊ» የሚለው ጥቅል መጠሪያም መጠን ለመወሰን የሚያስችል ሳይንሳዊ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ ኤችአይቪና ሳንባ ነቀርሳ በአንድነት ሲታከሙ ተግባራዊ ክብደት ያገኛል። ሪፋምፒሲን የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃቃ የኢፋቪሬንዝን ክምችት እንደሚቀንስ ይታሰባል፤ በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የመድኃኒቱ መግለጫ 50 ኪሎግራምና ከዚያ በላይ ለሚመዝኑ መጠኑ ወደ 800 ሚሊግራም ከፍ እንዲል ይመክራል። በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የተካሄደው ጥናት ግን ጭማሪው አስፈላጊ አለመሆኑን አመልክቷል። መድኃኒቱን በዝግታ ለሚያስወግድ ሰው መጠኑን መጨመር የጎንዮሽ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል።

ኢንኮር1 የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ውጤት 400 ሚሊግራም ቫይረሱን በመቆጣጠር ረገድ ከ600 እንደማያንስ አሳየ። በ2019 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ዶሉቴግራቪርን ተመራጭ መድኃኒት አደረገ። ይሁንና የመድኃኒቱ መቀየር ጥያቄውን አልዘጋውም። ዶሉቴግራቪርን በዋናነት የሚያብላላው ዩጂቲ1ኤ1 የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ይህም በዘረመል ይለያያል። ከሪፋምፒሲን ጋር ሲሰጥ ደግሞ 50 ሚሊግራሙን በቀን ሁለት ጊዜ መውሰድ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ጥናቶች የሚገኘው ትምህርት ከአንድ መድኃኒት ይሰፋል። በሌላ አገር ሕዝብ ላይ ተፈትኖ የተወሰነ መጠን መድኃኒቱን በሚወስደው ሕዝብ ደም ውስጥ እስካልተለካ ድረስ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ዕውቀት አይደለም። ሕክምናው ዕድሜ ልክ የሚወሰድ በመሆኑ በግምቱ ላይ ያለች ትንሽ ስሕተት በየቀኑ ትደጋገማለች።